የትም የማያደርስ ደረጃ

ዳይሬክተሩ ዮፍታሔ ከአዲስ አበባ መጥቶ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የጠየቀው መኝታ ወይም ውሃ አልነበረም፤ ደረጃ ነበር።

«ደረጃ ያለው አሮጌ ቤት ነው የምፈልገው» አለ።

ጅጅጋ ውስጥ አሮጌ ቤት ሞልቷል። ደረጃ ያለው ቤትም ሞልቷል። ሁለቱ ግን አንድ ላይ አይገኙም። አሮጌዎቹ አያቶቻችን ከጦሩ ጋር መጥተው የሠሯቸው የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው፤ ደረጃ ያላቸው ደግሞ ትናንት የተሠሩ፣ ሰማያዊ መስታወት የለበሱ ፎቆች። ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ግን «ተናኒዬ፣ ያለ ደረጃ ክላሲክ ሆሊውድ የለም» አለኝ፤ ድምፁ የማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ የተረጋጋ ነበር።

ስለዚህ አናጢ ተጠራ። በመጀመሪያው ፊልማችን የተጠቀምንበት ባዶ የሻምበል ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ፣ መደገፊያው የተጠማዘዘ ትልቅ የእንጨት ደረጃ ተሠራ። እብነ በረድ እንዲመስል ነጭና ግራጫ ቀለም ቀቡት። እስከ ጫፉ የወጣ ሰው የሚያገኘው የቆርቆሮውን ጠርዝና የርግብ ኩስ ነው። ዮፍታሔ ታች ቆሞ አየውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ በሕይወቴ ለብዙ የማይረባ ነገር ሲለቀስ አይቻለሁ፤ ለደረጃ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ወደ መጀመሪያው ፊልም ልመለስ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም። የተሠራው በ2011 ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ያላየው ሰው የለም፤ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ስለተለቀቀ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ የምትመላለስ አንዲት የሞተች ሴት አለች። ፊቷን ፀጉሯ ሸፍኖታል። ስትጮህ ሰው ይወድቃል። ደግሞ ትጮሃለች፣ ደግሞ ሌላ ሰው ይወድቃል። ታሪኩ ይኸው ነው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ግን ፎቶ ኮፒ ነው። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ሱቅ አለኝ። የሰፈር ልጆች ጩኸቴን እያስመሰሉ ደጄ ላይ ይጮሃሉ፤ የጮኸችው እኔ መሆኔን ግን አንዳቸውም አያውቁም። አንድ ቀን የመታወቂያ ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ተማሪ የራሴን ጩኸት በስልኳ እያሰማችኝ «እትዬ፣ ይቺን አይተሻት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ኮፒዋን ሰጥቼ ሸኘኋት። ለሚሰማው ያስቃል፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ፊቴ እዚያ ሸራ ላይ እንዲታይ እፈልግ ነበር። የምፈልገው ሌላ ነገር ሞልቷል፤ እንደዚህ የሚያቃጥለኝ ግን አልነበረም።

ዮፍታሔ በስልክ «ፕሪክዌል ልንሠራ ነው» ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። አስረዳኝ። ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው በፊት የሆነውን ያሳያል፤ ሴትየዋ ከመሞቷ በፊት ማን እንደነበረች፣ ማን እንደገደላት። ልቤ ዘለለ። ከመሞቷ በፊት ማለት ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዞ፣ ፊቷ ተገልጦ ማለት ነው።

ሲመጣ ግን ሶሲናን ይዞ መጣ። ሶሲና በተከታታይ ድራማ የታወቀች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ጨብጣኝ ሳታበቃ ከቦርሳዋ አልኮል አውጥታ እጇን ቀባች።

«እሷ የሴትየዋ ሕይወት ናት» አለኝ ዮፍታሔ።

«እኔስ?»

«አንቺ ነፍሷ ነሽ።»

ነፍስ ፊት እንደሌላት ገባኝ። ኩርፊያዬን አይቶ ነው መሰለኝ፣ መጨረሻው ላይ ሶሲና ስትሞት እኔ እንደምነሣ፣ መሸፈኛዬን ገልጬ ካሜራውን ትክ ብዬ እንደማይ፣ ፊልሙም በፊቴ ላይ እንደሚያልቅ ቃል ገባልኝ። አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት፤ ከሞኝነት ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ቀረጻው ተጀመረ። ሁሉም ነገር በጥቁርና ነጭ ነው። ዮፍታሔ ማንጠልጠያ ያለው ሱሪ ታጥቆ፣ በጅጅጋ ነፋስ ክራቫቱ ፊቱን እየገረፈው «ጥላ! ጥላ ስጡኝ!» እያለ ይጮሃል። የሶሲናን ባል የሚሠራው ሰውዬ በዚያ ሐሩር ካፖርት ለብሶ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ነፋሱ ባርኔጣውን በወሰደው ቁጥር ቀረጻው ቆሞ ይፈለጋል። ሶሲና ከእግር እስከ ራሷ ነጭ ለብሳ ደረጃውን ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ቆርቆሮው ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ለምን እንደወጣች የጠየቀ የለም። ሌሊት የሚባለውም በጠራራ ፀሐይ ነው የሚቀረጸው፤ ሌንሱ ላይ ጠቆር ያለ መስታወት ይደረግና ቀኑ ሌሊት ይባላል። ድሮ ሆሊውድ እንደዚያ ይሠራ ነበር አሉ። እኔ የማየው ላብ በላብ የሆኑ ሰዎች ብርድ እንደመታቸው ሲንቀጠቀጡ ነው።

ድምፅ አይቀዳም ነበር። ነፋሱና ጄኔሬተሩ ስለማያስቀዱ፣ ንግግሩም ጩኸቱም በኋላ ሆቴል ውስጥ ነው የሚገባው። ይቺን ያዙልኝ።

ሶሲና አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው አለችና የመጨረሻው ትዕይንት ሳይቀረጽ ወደ አዲስ አበባ በረረች። ዮፍታሔ ወደ እኔ መጣ።

«ተናኒዬ፣ በሷ ቦታ ትወርጃለሽ። ነጩ ልብሷ ከነሻሹ አለ። ፊትሽን በመሸፈኛ ስለምንሸፍነው ማንም አይለይም።»

«መሸፈኛውን የምገልጠውስ?»

«እሱ ቀርቷል። ክላሲኩ ሚስጥር ይወዳል።»

ልጥለው ነበር። ትቼው ብሄድ ግን ያ ነጭ ልብስ ሌላ ሰው ላይ ይውላል፤ ያንን ደግሞ አልቻልኩም። ስድቤን በልቤ እየደረደርኩ ለበስኩት።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ከደረጃው ትወርዳለች፣ ግቢውን አቋርጣ በሩን ከፍታ ወደ መንገዱ ትወጣለች። መንገዱ ላይ የከተማው ሕዝብ ችቦ ይዞ ይጠብቃታል፣ ይከብባታል፣ ያባርራታል። ለዚህ የሰፈሩ ሰው ተጠራ። አብዛኞቹ የገበያ ሴቶች ነበሩ፤ ፊት ላይ የቆመችው ሂቦ ናት። ሂቦ ከሱቄ ጎን ጨርቅ ትሸጣለች። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ክፉ ባየበት፣ ሰው በተገደለበትና ቤት በተቃጠለበት ሰሞን፣ እኔና ባለቤቴ መላኩ ያደርነው እሷ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ችቦውን ማንም አልያዘም። የቀረጻ ሠራተኞቹ በነጭ ጋዝ የተነከረውን እንጨት ለያንዳንዱ ሰው ሲያድሉ፣ ሰው እየተቀበለ ግድግዳው ሥር አጋደመው። ተቆጣ የለ፣ ተከራከረ የለ፤ አጋደሙት በቃ። ያኔ እዚህ ለነበረ ሰው ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም። ዮፍታሔ እዚህ አልነበረም። «ምን ሆነው ነው? ክላሲክ እኮ ነው!» ይላል ክራቫቱን ከአፉ እያወጣ።

በመጨረሻ ያለ ችቦ ይሁን አለ። ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «እንዳትተውኑብኝ!» አላቸው። «ትወና አልፈልግም! ይህቺን ሴት መንገድ ላይ ብታገኟት በእውነት የምታደርጉትን አድርጉ! እንደ እውነቱ!» አንዱ ወደ ሶማልኛ መለሰላቸው። ሴቶቹ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወረድኩ። መሸፈኛው ውስጥ የማየው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። በእጄ መደገፊያውን እየዳበስኩ፣ ቀለሙ መዳፌ ላይ እየተለጠፈ፣ ግቢውን አቋረጥኩና በሩን ገፋሁት።

የሮጠ የለም፤ የጮኸም የለም። ነፋሱ ራሱ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ እግር ሰማሁ፤ የሚሮጥ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚመጣ። አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘ፣ ሌላ እጅ ክንዴን፣ ሌላ ደግሞ ጀርባዬን። «ሳሚር ኢዮ ኢማን» አለች አንዷ በጆሮዬ። ሌላዋም ያንኑ አለች። ሌላዋም። በሶማልኛ ትዕግሥቱንና እምነቱን ይስጥሽ ማለት ነው፤ ለቅሶ ላይ የሚባል ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ ተወልጄ አድጌ፣ ባሏ የሞተባት የሶማሌ ሴት ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ እንደምታዝን ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁ፣ እኔ ራሴ ለብሼው እንኳ አልታየኝም ነበር። እኛ ጥቁር ነው የምንለብሰው። ሙት ማለት ነጭ ነው ብሎ ሆሊውድ ነግሮናል፤ እኔም ከዮፍታሔ እኩል አምኜ ወረድኩ። ሴቶቹ ግን ያዩት ሙት አይደለም። በእውነት የምታደርጉትን አድርጉ ተባሉ፣ አደረጉ። ነጭ የለበሰችን ሴት የሚያባርር ሰው እዚህ አገር የለም።

ሂቦ መሸፈኛውን ገለጠችው። ፊቴን ስታይ ደነገጠች።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ተናኘ? ለመላኩ ነው?»

መላኩ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከቶጎጫሌ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው፤ ያኔ ገና ዓመቱ አልሞላም ነበር። አስከሬኑን ቤተሰቦቹ ወደ ደሴ ወሰዱት። ሄጄ ቀበርኩት፣ እዚያው ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጅጅጋ ስመለስ ሰው ሁሉ እዚያ አልቅሳ ጨርሳለች አለና ተወኝ። ጥቁሬን ለብሼ ሱቄን ከፈትኩ። ደንበኛ መጣ፣ ኮፒ አነሣሁ። ለዮፍታሔ ቀረጻ ብዬ ነው ጥቁሩን ያወለቅሁት።

«ለመላኩ ነው» አልኩ። ይህን ስል ሂቦ ትከሻ ላይ ተደፋሁ። ሴቶቹ ያዙኝ። መንገድ ላይ፣ በጠራራው ሌሊት፣ እየጮህኩ ሳይሆን ድምፅ አጥቼ አለቀስኩ። ከኋላ ዮፍታሔ «ቁረጥ! ቁረጥ!» ይላል። ካሜራ የያዘው ኤፍሬም አልቆረጠም።

በማግሥቱ ሊደግሙት ሞከሩ። ሴቶቹ አሻፈረኝ አሉ። ጥቁር ልብስ ይሁን ቢባል፣ በጥቁር ዓባያ መሃል ጥቁር የለበሰች ሴት ገበያ ከምትሄደው አትለይም። ዮፍታሔ እያዘነ ነው ብለን ስናስብ ከሆቴሉ እየሮጠ መጣና እጄን ያዘኝ።

«ነይ እይ!»

ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ድምፅ የለውም። በሩ ይከፈታል፣ ነጭ የለበሰችው ትወጣለች፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይከብቧታል። እጅ በእጅ ላይ። መሸፈኛው ይወልቃል። ከዚያ ፊቴ። ሙሉ ፊቴ፣ ከአንገት በላይ፣ ሸራውን ሞልቶ፣ በእንባ። ቆንጆ ነበርኩ። ማንም ያልነገረኝን ነገር ያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

«አየሽ?» አለ ዮፍታሔ። «እጃቸውን አየሽ? እየቀደዱሽ ነው የሚመስለው። አሁን ያንቺን ጩኸት እጨምርበታለሁ። የመጀመሪያውን ፊልም ጩኸት፣ ሕዝቡ የሚያውቀውን። ያኔ እነሱ ገደሏት ማለት ነው! ከተማው ገደላት!»

«ሶሲናስ? ፊቱ እኮ የሷ አይደለም።»

«ሞት ፊቷን ለወጠው እንላለን።»

«እነዚህ ሴቶች ለቅሶ እየደረሱኝ ነው።»

«እሱን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን» አለ፤ ፈገግ እያለ። «ከጮህሽ ይሄ ፊት የፊልሙ መጨረሻ ነው። ፖስተሩም ላይ ይወጣል። ካልጮህሽ አልጠቀምበትም።»

የድሮውን ጩኸት ከማሽኑ አውጥቶ መለጠፍ አይችልም፤ ከሙዚቃው ጋር ተደባልቆ ነው የቀረው። እኔን ይፈልጋል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈለግሁ። ቤቴ ሄጄ ያንን ፊት ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት። አንዲት ጩኸት ናት አልኩ። ሂቦ ፊልም አታይም አልኩ። ራሴን ለመደለል ያላልኩት የለም። ንቀት የሚገባው ዮፍታሔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በቀጠሮው ሄድኩ። የሆቴሉን ፍራሾች ግድግዳው ላይ አቁመው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ዘግተው፣ መሃል ላይ ማይክ ተክለዋል። ክፍሉ ላብና አሮጌ ጥጥ ይሸታል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ፊልሙ ፊት ለፊቴ ተለቀቀ። ዮፍታሔ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። ሂቦ መጣች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም፣ የምትለውን ግን አውቀዋለሁ። መላኩን ስታነሣ አየሁ። በጀርባዬ ላይ የነበሩት እጆች ሙቀታቸው ተመለሰብኝ። ይህን እጅ፣ በዚያ ሐምሌ በር የከፈተልኝን እጅ፣ አገር ሁሉ የገዳይ እጅ ብሎ ሊያየው ነው። የሚያደርገውም የኔ ድምፅ ነው።

ዮፍታሔ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«አሜን» አልኩ።

ፊልሙን አስቆመ። «ምንድነው እሱ?»

«መልስ ነው። ያን ቀን ሳልመልስላቸው ቀረሁ።»

«ጩኺ እንጂ!»

እንደገና ለቀቀው። ሴቶቹ መጡ። «አሜን» አልኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ለለቅሶ ደራሽ እንደሚባለው። ለሦስተኛ ጊዜ ለቀቀው። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ አልኩ። ማንጠልጠያውን እየጎተተ ክፍሉ ውስጥ ተንቆራጠጠ።

«ተናኘ፣ እኔ እኮ ስም ልሰጥሽ ነው! አገር ሊያውቅሽ ነው! እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ወረቀት ስትገለብጪ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኩት። «አንተም አዲስ አበባ ደረጃ ስትወጣ ትሞታለህ። ፊቴን አጥፋው።»

ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። ኤፍሬም በሩን ያዘልኝ። ደረጃውን ወረድኩ፤ የሆቴሉ ደረጃ እውነተኛ ስለሆነ ታች አደረሰኝ።

ሶሲና ከአዲስ አበባ ጩኸት ቀድታ ላከችለት አሉ። ጅጅጋ ጩኸቴን በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ያዳመጡት ሁሉ አይጥ ያየች ሴት ናት ብለው ሳቁ። ትዕይንቱ ተጣለ። ፊልሙ ወጣ፤ የሚያልቀው በባዶ ደረጃ ነው። ቫዮሊን እያለቀሰ ካሜራው ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ይጨልማል። ዮፍታሔ ለጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ይህ የሰው ልጅ ዕጣ ፈንታ ምልክት ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ያሉት ተመልካቾች ደግሞ የጠየቁት «ወደ ጣራው ነው እንዴ የሚወስደው?» ብለው ነው። ደረጃው እስከ ዛሬ ቆሟል። የጎረቤት ፍየሎች እስከ ጫፍ ይወጣሉ፣ ቆርቆሮውን አይተው ይመለሳሉ። ከዮፍታሔ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ጣራ ሲያዩ ጣራ መሆኑን ያውቃሉ።

ሆቴሉን ጥዬ በወጣሁ በማግሥቱ እነ ሂቦ ቤቴ መጡ። ስኳርና ሩዝ ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ሂቦ መላኩ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር ለሌሎቹ ስታወራ ሰማሁ፤ በወሬዋ ውስጥ እኔ የማላውቀውም ነበረበት። እንደገና ጥቁሬን ለብሼ ነበር። ማንም በርቺ አላለኝም፣ ቻይው አላለኝም። አለቀስኩ፣ አለቀሱልኝ።

አሁንም ልጆች ደጄ ላይ ይጮሃሉ፤ አሁንም አያውቁኝም። አንዳንዴ ያቺ ፊት፣ ያቺ ቆንጆዋ፣ በዮፍታሔ ማሽን ውስጥ ትኑር ትጥፋ አስባለሁ፤ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ ሂቦ ጨርቋን እያነጠፈች «አባዮ፣ አደርሽ?» ትለኛለች፤ ቀና ብላ፣ ፊቴን እያየች። ፊቴን ያየው ሰው ጥቂት ነው። አይቶት የሸሸ ግን የለም።